ውሃው ለማን ነው?

አጎቴ ፋራይ የተጠማ መስሎኝ ነበር።

ቢመስለኝ አይፈረድብኝም። የአባቴ እህት ቴቴ ራቪሮ ከጠዋት ጀምራ ዙሪያው ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በአመድ ታስፈትገኝ ነበር። አጥቤ ሳመጣላት ወደ ፀሐይ አዙራ ታየዋለች፤ ከዚያ መልሳ ትሰጠኛለች።

«ነገ እናትሽ ውሃ የምትሰጥበት ሳህን ነው» አለችኝ። «አጎትሽ ፋራይ ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ውሃ በቆሸሸ ሳህን ይቀበል እንዴ?»

ዓመት ሙሉ ውሃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በጣም አሳዘነኝ። ሳህኑን ከባልዲው ሞልቼ፣ ደረቴ ላይ እየፈሰሰብኝ፣ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። አጎቴ ፋራይ ከታላቅ ወንድሙ ከአጎቴ ጆሳያና ከሌሎች የአባቴ ዘመዶች ጋር ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። እንደተማርኩት ተንበርክኬ ሳህኑን ዘረጋሁለት።

«እንካ አጎቴ፣ ጠጣ። እስከ ነገ አትጠብቅ።»

ወንዶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። አንዱ ጭኑን እየመታ «ልጅቷ ከእናቷ ቀደመች!» አለ። ሌላው «ፋራይ፣ ምን ታያለህ? ሳያመልጥህ ጨልጠው!» አለ። አጎቴ ፋራይ ሳቁ እያቋረጠው ጠጣና አገጩን ጠረገ።

«የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ አይቆጠርም» አለኝ። «የሚቆጠረው የእናትሽ ነው።»

ዞር ስል እናቴ በጥቁር ልብሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። ሁሉም ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። የውሃ ጉድጓዱ ሩቅ ስለሆነ፣ ውሃውን በማፍሰሴ የተቆጣች መሰለኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር ባል የሞተባት ሴት ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሩን ታወልቃለች፤ ከዚያም በዘመድ ሁሉ ፊት ሳህን ውሃ ይዛ ከባሏ ወንድሞች ወደ አንዱ ትሄዳለች። እጁን በውሃው የታጠበው ባሏ ይሆናል። ወንድ ልጅ ያላት ሴት ውሃውን ለልጇ ሰጥታ በቤቷ መቀመጥ ትችላለች፤ ማንም አይናገራትም። እናቴ ወንድ ልጅ አልነበራትም። ያለኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ወይ ከወንዶቹ አንዱን ትመርጣለች፣ ወይ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ቤቱና ማሳው ይቀራሉ። እኔም የአባቴ ዘር ነኝና እቀራለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስማር አንድ መምህር ይህንኑ በግማሽ ገጽ ጨርሶ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ጠየቀን። እጄን አላነሳሁም።

በማግስቱ የሚወሰነው እኔ ከእናቴ ጋር መኖር አለመኖሬ ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለሚታረደው ፍየል ነበር። ሌላው ሐሳቤ አጎቴ ፋራይ ነበር፤ እኛ ቤት እንዲገባ በጣም እፈልግ ነበር። በመጣ ቁጥር ነጭ ዳቦ ያመጣልኛል። በብስክሌቱ የፊት ብረት ላይ አስቀምጦ እስከ ድንጋያማው ኮረብታ ድረስ ይወስደኛል፤ ሲመለስ ፍሬን ሳይዝ ይለቀዋል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ሰፊው ካፖርቱ ከኋላችን እንደ ክንፍ ይወጠራል። ብስክሌቱ የአባቴ እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ካፖርቱም የአባቴ ነበር። አባቴ በተቀበረ በሳምንቱ ልብስና ዕቃው ለወንድሞቹ ሲከፋፈል ለፋራይ የደረሱት እነሱ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ቴቴ ራቪሮ ጥቅል ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እናቴ ጎመን ትከትፍ ነበር። ቴቴ ጥቅሉን ፈታችው፤ ትልልቅ አበባ ያለበት ቢጫ ቀሚስ ነበር። እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

«ማይ ኩንዳይ» አለች ቴቴ። እናቴን ሁሉም የሚጠሯት በእኔ ስም ነበር፤ የኩንዳይ እናት ማለት ነው። «ይህን ፋራይ ከከተማ ያመጣልሽ ነው። ነገ ያንን ጥቁር ጨርቅ አቃጥልልሽና በዚህ ትወጫለሽ።»

«ልብስ አለኝ ቴቴ።»

«የቱ? ያ ቀይ ሸሚዝ? እሱ የጸሎት ነው እንጂ የሰው ልብስ ነው?»

«ስጸልይም ሰው ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ!» ቴቴ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። «ቤቴ ውስጥ ጠላ አይጠመቅም አልሽ። ለወንድሜ መታሰቢያ የሚሆን የዳጉሳ ጠላ! እሺ ብለን ጆሳያ ቤት ጠመቅነው። ዓመት ሙሉ ቻልንሽ። አሁን ደግሞ ባል ስንሰጥሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ይጎድልባታል ብለን እኮ ነው።»

«ምንም አልጎደለብኝም።»

ቴቴ እጇን ዘርግታ የድስቱን ክዳን አነሳችና ወደ ውስጥ አየች። «ዘይት ያልነካው ጎመን! ኩንዳይ፣ ነይ እይ፣ እናትሽ ምንም አልጎደለባትም!»

እኔም በልቤ ቴቴን ደገፍኩ። ዘይት የለንም። ስኳር የለንም። ሳሙናው ልብስ ለማጠብ ነው ተብሎ ገላዬን የምታጠበው በባዶ ውሃ ነው። ጫማዬ አፉን ከፍቷል። እናቴ ስትዋሽ በጆሮዬ ሰማኋት፤ ያውም ሐሙስ ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት።

«በዚህ ግቢ ውስጥ ከማን ጋር ልትኖሪ ነው?» አለች ቴቴ።

«ጌታ አለ።»

«ጌታ አጥር ያጥርልሻል? በሬ ይጠምድልሻል?»

«አጥሩን እኔ አጥራለሁ። በሬውንም እኔ እጠምዳለሁ። እሱ ቤቴ አለ፣ ይበቃኛል። የኩንዳይ አባት በታመመ ጊዜ ማንም ሳይኖር እሱ ነበር። ያን ጊዜ በቅቶኛል፣ አሁንም ይበቃኛል።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ቴቴ ድምጿን አነሳች። «ሳህኑን አስያዙኝ፣ ሰጠሁ፣ ገባሁ፣ ኖርኩ። ሞትኩ?»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቀስ ብላ «ኑሮው እንዴት ነው ቴቴ?» አለቻት።

ቴቴ ሳህኑን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ምን ትሰሚያለሽ? ሂጂ እንጨት ልቀሚ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቴቴ ራቪሮ የምትኖርበትን ቤት ጌታ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። «የዚያ ቤት ሰውዬ» ነበር የምትለው። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም እንደነበረና እሷ የገባችው በሁለት ሚስቶች ላይ እንደነበር ማንም አልነገረኝም። ለልጅ የሚነገር አይደለም።

ራት ስንቀርብ እናቴ ዓይኗን ጨፍና አመሰገነች። ለገንፎው አመሰገነች፣ ለጎመኑ አመሰገነች፣ ለጨው ለብቻው አመሰገነች፣ ለእኔ አመሰገነች። ጸሎቱ ሲረዝምብኝ ዓይኔን ገልጬ አየኋት። ፊቷ ፈክቶ ነበር። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። ፋራይን ልትመርጥ ወስናለች ማለት ነው ብዬ እኔም ደስ አለኝ። ደስ ብሏታል ማለቴ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት ምክንያቱን ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ቀኑን የቆረጠው አጎቴ ጆሳያ ነው፤ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ወንዙን ተሻግረው የሚጸልዩበት ቀን በመሆኑ፣ እናቴ አጠገብ ማንም እንዳይኖር አስቦ ነበር። ዝናቡ አልመጣም፤ ሙቀቱ ከድንጋዩ እየተነሳ ፊት ይለበልባል። ወንዶቹ ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ በተርታ ተቀመጡ። ሴቶቹ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፤ እኔን ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የሰጠኝ አልነበረም። ባልዲው ሁሉ ለሥጋው ማብሰያ ሄዷል፤ ለመንኩ፣ «ዞር በይ» ተባልኩ።

በዚህ መሃል ከአጥሩ ውጭ ቀይ ሸሚዝና ነጭ ባርኔጣ የለበሱ ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው መንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። የመጡት ለፍየሉ መስሎኝ ሥጋው እንደማይበቃ ተጨነቅሁ።

አጎቴ ጆሳያ ተነሳ። «ማን ጠራችሁ?»

የሴቶቹ መሪ አሮጊቷ ኬዚያ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ በባርኔጣዋ ታራግብ ነበር። «ማንም አልጠራንም ልጄ። ሐሙስ ነው፣ እንጸልያለን።»

«ቤተ ክርስቲያን የላችሁም?»

«አለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በዚህ ወር ያቃጥላል። እዚህ ጥላ አለ። መንገዱም የአንተ ነው?»

አጎቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ዝግ ባለ ድምፅ መዝሙር ጀመሩ።

ቴቴ ራቪሮ ከቤቱ ጀርባ ጥቁሩን ልብስ አቃጠለች። ጭሱ በላያችን አለፈ። ከዚያ እናቴ ወጣች። አንገቴን አስግጌ ቢጫውን ቀሚስ ስጠብቅ፣ ቀዩን ሸሚዝ በጥቁር ጉርድ ለብሳ፣ ነጩን ባርኔጣ አድርጋ መጣች። ላለቅስ ደረስኩ። ቢጫው ጠቧት ይሆናል አልኩ።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ አጎቴ ጆሳያ። «ለስብከት ነው የተሰበሰብነው?»

እናቴ አልመለሰችለትም። ተንበርክካ፣ መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ እያጨበጨበች ሽማግሌዎቹን እንደ ደንቡ ሰላም አለች። ተነስታም ከቴቴ ራቪሮ እጅ ሳህኑን ተቀበለች። ውሃው እስከ ሰማያዊው ጠርዝ ሞልቶ ነበር። ዓይኔን ከውሃው ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ከተርታው መጀመሪያ ጀመረች። አጎቴ ጆሳያን አለፈችው። አጎቴ ፋራይ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እንደለበሰ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ ገና ሳትደርስ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ፊቱ ቆመች።

«ፋራይ ወንድሜ፣ ለልጄ ዳቦ ስታመጣላት ከርመሃል። እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ግን ያንተ አይደለም።»

አለፈችው። የቀሩትንም ወንዶች አለፈች። ከእነሱ ወዲያ ያለው አጥሩ ብቻ ነው፤ ውጭ ያሉት ሴቶች መዝሙራቸውን አቆሙ። ውሃውን ልትደፋው ነው ብለው የፈሩ ነበሩ፣ ኋላ እንደነገሩኝ። እሷ ግን ወደ ሴቶቹ ሰሌን ዞረች። ቀጥ ብላ መጥታ እፊቴ ተንበረከከች።

በእኛ አገር ሴት ስትሰጥ የምትንበረከከው ለሚበልጣት ሰው ነው። እናቴ ለእኔ ተንበርክካ አታውቅም። በዚያ ሳምንት እግሬን እሾህ ወግቶኝ ስለነበር ልታወጣልኝ መሰለኝና እግሬን ዘረጋሁላት።

«እግርሽን አይደለም» አለች በሹክሹክታ። ሳህኑን ወደ እኔ አስጠጋችው። «ተቀበይኝ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እጄን መታጠብ ነበረብኝ። ማንም አልነገረኝም። አፌን ጠርዙ ላይ ደቅኜ ጠጣሁ። ዙሪያዬን የሚጮሁት ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ የውሃው ቅዝቃዜ ብቻ ነው የሚታወሰኝ። ትንፋሽ ሳልወስድ ጨረስኩትና ባዶውን ሳህን ተንበርክኬ መለስኩላት።

«እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» አልኩ።

«ይህች ሴት አብዳለች!» አጎቴ ጆሳያ ቆሞ ነበር። «ሴት ልጅ ናት! ሕፃን ናት! አይቆጠርም!»

«አይቆጠርም!» አሉ ሌሎቹም። «እንደገና ይቀዳ!»

አጎቴ ፋራይ እጁን እንደዘረጋ ነበር። ማጠፉን የረሳው ይመስላል።

እናቴ ተነሳች። እሷ ጮክ ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ሰው ዝም ያለው ለመስማት ነው።

«ይህን ቤት አባቷ የሠራው ለእሷና ለእኔ ነው» አለች። «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ለእሱ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር፤ አንዳችሁም አትናገሩኝም ነበር። ያለችኝ እሷ ናት፣ ለእሷ ሰጠሁ። ባል አልፈልግም። ልጄን ትቼ አልሄድም። ከዚህ ቤትም አልወጣም። ጌታ ይበቃኛል፣ የጎደለኝ የለም ስላችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ተቀምጣችሁ እዩኝ።»

ከአጥሩ ውጭ አሮጊቷ ኬዚያ «አሜን!» አለች፤ እንደ ጅራፍ ነው የጮኸው።

«ራቪሮ!» አለ አጎቴ ጆሳያ። የሥርዓቱ ባለቤት የሟች እህት ናት፤ ወንድ ሁሉ ቢጮህ ሳህኑን የምትሞላው እሷ ነች። «ሙዪው፣ ይዛ ትመለስ።»

ቴቴ ራቪሮ ሳህኑን ከእናቴ ተቀበለች። ወደ ባልዲው የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ሳህኑን ገልብጣ ያዘችው። አንድ ጠብታ ወርዶ አፈሩ ላይ ጠፋ።

«ተጠጥቷል» አለች።

«እያየሽ! ልጅቷ ጠምቷት እኮ ነው!»

«ይጥማት አይጥማት፣ የተሰጣትን ጨርሳዋለች። እኔ አልሞላም።» ሳህኑን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። «የግድ ካልክ አንተ ራስህ ቅዳና ለፋራይ ስጠው ጆሳያ። ሁለታችሁ ተጋቡ።»

ከወንዶቹ መሃል አንዱ ሳቀ። ሊውጠው ሞከረ፣ አልተሳካለትም፤ አጠገቡ ያለው ተከተለው። ትናንት በእኔ የሳቁት ናቸው። አጎቴ ጆሳያ ዱላውን አንስቶ ወጣ፤ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ፍየሉን የበላነው ብዙም ሳንነጋገር ነበር። ለቀይ ለባሾቹም ደረሳቸው።

ቴቴ ራቪሮ እናቴን ትወዳት ስለነበር የረዳቻት ይመስለኝ ነበር። አትወዳትም ነበር። ጠላውን የከለከለቻትን እስክትሞት አልተወችላትም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ የዕረፍት ጊዜ ለውዝ ስትፈለፍል አግኝቻት ያን ቀን ሳህኑን ለምን እንዳልሞላችው ጠየቅኋት። 

«እጄ ደክሞት ነበር» አለችኝ፤ መፈልፈሏንም ቀጠለች።

ውሃው በተሰጠበት በዚያው ሐሙስ እናቴ ቢጫውን ቀሚስ በጥንቃቄ አጣጥፋ ከብስክሌቱ የኋላ መቀመጫ ላይ አሰረችው። አጎቴ ፋራይ ሳያየኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ አምጥቶልኝ አያውቅም። ኮረብታውን ሲወርድ ካፖርቱ ከኋላው እየተወጠረ እስኪጠፋ ድረስ አይቼ፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ጎደለሽ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ዳቦ፣ ብስክሌት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የገላ ሳሙና፣ ጫማ፣ ቢጫው ቀሚስ። እንድታፍር ፈልጌ ነበር። አንዱንም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ልክ ነሽ» አለች። «እሱ ሁሉ የለንም።» አፍንጫዬን በጉርዷ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከዚያ ነጩን ባርኔጣ አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ እየዘመረች እሳቱን ልታያይዝ ገባች። ሰው በሌለበት የሚዘመር መዝሙር ለታይታ እንደማይሆን የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በማግስቱ የአጎቴ ጆሳያ ልጆች መጥተው ሁለቱን በሬዎች ነድተው ወሰዱ። እናቴ በሩን ራሷ ከፈተችላቸው። ዝናቡ ሲመጣ እኔና እሷ ማሳውን በዶማ ቆፈርን። በአጎቴ ግቢ በኩል ያለው ጫፍ ላይ ስንደርስ መዝሙሯን ከፍ ታደርገዋለች፤ እኔ ዝንጀሮ ለማባረር መስሎኝ አብሬያት እጮህ ነበር። ዘሩን ዘርተን ጨረስን፤ በቆሎውም በጊዜው በቀለ።